ለመንገደኛ ሚስት የሚሰነቅ ስንቅ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሲሄድ ስንቅ ይሰነቅለታል። እናት በሶ ትፈጫለች፤ ዳቦ ቆሎ ታዘጋጃለች፤ አባት ይመርቃል፤ ጎረቤትም እስከ ደጅ ወጥቶ ይሸኛል። ይህ ከአባቶቻችን የተረከብነው ልማድ ነው። ዛሬ ግን የበቅሎው መንገድ በአውሮፕላን ተተክቷልና፥ ከበሶውና ከምርቃቱ ሌላ አንድ ስንቅ ያስፈልጋል። ይኸውም መንገደኛው በኢሚግሬሽን ሹም ፊት ቆሞ «ወዴት ትሄዳለህ? ከማን ዘንድ ታርፋለህ? በምን ትኖራለህ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ ሳይደናገጥ የሚመልሰው ቃል ነው። እኔ ይህን ስንቅ ለባለቤቴ አዘጋጃለሁ ስል የራሴን ጉድለት አገኘሁ። ነገሩ ለሌሎች ባለትዳሮች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ፥ ምንም እንኳ ለራሴ የሚያኮራ ባይሆን፥ እንደ ሆነው አድርጌ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት በአምቦ መንገድ ባለችው በቡራዩ፥ ከገፈርሳ ውሃ ሳይርቅ ነው። የባለቤቴ እናት ቤት ደግሞ በጅማ መንገድ በሰበታ ነው። ባለቤቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ በዚያው አቅራቢያ ባለ የአበባ እርሻ ትሠራ ነበር። እኔ በ2009 ዓ.ም. ወደ ዱባይ ሄጄ በአንድ ሆቴል ሥራ ይዤ ስለ ነበር፥ የተጫጨነው በሩቅ ሆነን ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር 14 ቀን፥ ቃና ዘገሊላ በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ እሑድ ጠዋት በሥርዓተ ተክሊል ተጋባን። ሃያ ቀን እንኳ አብረን ሳንቀመጥ የዕረፍቴ ጊዜ አለቀና ሙሽራዬን ከእናቷ ዘንድ ትቼ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የወረቀት ጊዜ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በእግዚአብሔር ፊት የጸና ቢሆንም፥ በመንግሥት መዝገብም መስፈር አለበት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍችና የሞት ምዝገባ ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሥራ ላይ ውሏልና፥ ባለቤቴ ከደብሩ የተሰጠንን የምስክር ወረቀት ይዛ ጋብቻችንን አስመዘገበች። የተሰጣት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ ቀጥሎም በኤምሬቶች ኤምባሲ ተረጋገጠ። በዚያ አገር ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሚስቱን ለማምጣት የሚሻ ሠራተኛ የሥራው ዓይነት መታየቱ ቀርቶ የወር ገቢው ይታያል፤ 4,000 ድርሃም፥ ወይም ቤት ከአሠሪው የሚሰጠው ከሆነ 3,000 ድርሃም ይበቃዋል። እኔም ይህን ልክ ከሞላሁ ብዙ አልቆየሁም ነበር። የመግቢያ ፈቃዷ በእጄ ሲገባ፥ በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አጋማሽ፥ የሦስት ሳምንት ዕረፍት ጠይቄ ልወስዳት መጣሁ።

ሰበታ ስደርስ ባለቤቴን ደስታና ፍርሃት ተቀላቅሎባት አገኘኋት። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ከማየት በቀር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ገብታ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው ደግሞ አንዱ «እገሊትን ከቦሌ መለሷት» ይላል፤ ሌላው «ወጣት ሴት ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ ብዙ ይጠይቋታል» ይላል፤ ሦስተኛው «ከተንተባተብሽ አበቃልሽ» ይላል። ይህን ሁሉ ሰምታ እንቅልፍ አጥታ ነበር። «የምንጓዘው አብረን አይደለምን?» ብላት፥ «በመስኮቱ ፊት የምቆመው ግን ብቻዬን ነው» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነበር።

እኔም ለፍርሃት መድኃኒቱ ጥናት ነው ብዬ መምህር ሆንሁ። ደብተር ገዝቼ ሠላሳ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ጻፍሁ። ማታ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ እኔ እንደ ሹም በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ እርሷም ፊት ለፊቴ ትቆማለች። «ስምሽ ማን ነው? ወዴት ትሄጃለሽ? መቼ ተጋባችሁ? የባልሽ ሥራ ምንድን ነው?» እያልሁ እጠይቃታለሁ። ከመልሱ አንዲት ቃል የጐደለች እንደ ሆነ ከመጀመሪያው አስጀምራታለሁ። የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም እንዲሁ አስደገምኋት።

እርግጥ ጥናቱ ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ሦስት ነገሮች በዚያ ታረሙ። አንደኛው የልደት ቀን ነው። እርሷ የምታውቀው በ1990 ዓ.ም. ሐምሌ 5 ቀን፥ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት መወለዷን ነው፤ ፓስፖርቷ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 12 ቀን 1998 ይላል። «በ1990 ተወለድሁ» ብላ የመለሰች እንደ ሆነ፥ የእኛን አቈጣጠር የማያውቅ የባሕር ማዶ ሹም የስምንት ዓመት ልዩነት አይቶ ይጠራጠራል። ሁለተኛው የስም ነገር ነው። በእኛ ልማድ ሴት ስታገባ በአባቷ ስም እንደ ተጠራች ትኖራለች፤ በሌላ አገር ያለ ሰው ግን የባልና የሚስት ስም አለመመሳሰሉን ሲያይ «እውነት ባልሽ ነውን?» ማለቱ አይቀርም። ሦስተኛው የከተማው ስም ነው። የቀድሞው መታወቂያዋ ሰበታ ከተማ ይላል፤ በ2015 ዓ.ም. ግን ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ስለ ተጠቃለሉ አዲሱ ማስረጃዋ ሸገር ይላል። ሁለቱ አንድ ቦታ መሆናቸውን በአጭር ቃል ማስረዳት ነበረባት።

እነዚህን ማወቋ መልካም ነበር። ከእነዚህ ቀጥሎ ግን በደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል መልስ ተጽፎ ነበር፦ «ባለቤቴ በሆቴሉ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ ሰፊ ቤትም አለው።» ይህን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ከመሄዳችን ስምንት ቀን በፊት አክስቴን ለመሰናበት ወደ ሱሉልታ ወጣን። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ያለች፥ ብርዷ አጥንት የሚሰማ፥ በሣርና በወተት የታወቀች አገር ናት። አክስቴ ትኩስ ወተት አቀረቡልን፤ ምሳም በላን። የአክስቴ ልጅ ቡና ልታፈላ በተቀመጠች ጊዜ፥ እኔ ጊዜው እንዳያልፍ ብዬ ደብተሩን አወጣሁና ባለቤቴን መጠየቅ ጀመርሁ። ባለቤቴ በዚያ ቀን አንድም ሳትሳሳት ሁሉንም መለሰች። እኔም ደስ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ቡናው እስኪያርር ድረስ ማማሰሉን ትታ ታዳምጠን ነበርና፥ ቀና ብላ «ወንድሜ፥ ደላላውም እኔን እንዲህ ነበር ያስጠናኝ» አለችኝ።

ይህች የአክስቴ ልጅ በ2003 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄደች ናት። ደላላው መታወቂያ ሲያወጣላት ዕድሜዋን ሃያ አራት አደረገው፤ ስሟንም በሌላ ስም ለወጠው። ከዚያም ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር በአንድ የኪራይ ቤት አስቀምጦ፥ «ስምሽን ሲጠይቁሽ ይህን በይ፤ ዕድሜሽን ሲጠይቁሽ ይህን በይ፤ የምትሄጂው ከማን ዘንድ ነው ሲሉሽ ከዘመድ በይ» እያለ ሦስት ቀን አስጠናት። ያልወጣላትን ስምና ያልሞላትን ዕድሜ አንድም ሳትሳሳት ተናግራ አለፈች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በሰው ቤት፥ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት፥ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ ሠራች። በመጨረሻም ከዚያ ቤት ወጥታ ያለ ፈቃድ ስትኖር፥ በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እርሷም ከእነርሱ አንዷ ሆና፥ ነጠላ ጫማ ብቻ ተጫምታ፥ ቦሌ ወረደች።

«ያን ጊዜ ከደብተሩ ውጭ የሆነ አንዲት ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፥» አለችን፥ «አልቅሼ ሁሉን እነግረው ነበር። የጠበቅሁት እርሱን ነበር።» ይህን ብላ ያረረውን ቡና ደፍታ ሌላ ማጠብ ጀመረች።

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገውን ጥያቄ እንደ ጠላት ወጥመድ እቈጥረው ነበር። ነገሩን ከሥሩ ሲመለከቱት ግን እንዲህ ዓይነቱ መከራ ያመጣው ጥንቃቄ ነው። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አግዶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚመራ አዋጅ ቁጥር 923 ከወጣ በኋላ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በሰው የሚነግዱትንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግሩትን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ወጣ። ሕጉ ይህን ያህል የተደከመበት፥ በጎብኚ ቪዛ ወይም በዘመድ ስም ተሸፍነው ለባርነት የሚወሰዱ ልጆች ስላሉ ነው። በመስኮቱ ያለው ሹም ሲጠይቅ የሚመረምረው፥ የምትሄደው ሴት የምትሄድበትን ቤት በእርግጥ ታውቀው እንደ ሆነ ነው። ደላላ ያስጠናት ልጅ ቃሉን ታውቃለች፤ ቤቱን አታውቅም። እንግዲህ የእኔ ሚስት ከእርሷ በምን ትለያለች?

ማታ ወደ ሰበታ ስንመለስ ባለቤቴ በመኪናው ውስጥ ዝም ብላ ተቀመጠች። የእንጦጦን ጋራ ስንወርድ የአዲስ አበባ መብራት ከበታቻችን ተዘርግቶ ሲታይ፥ ድንገት ወደ እኔ ዞር ብላ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሹሙ ‹የባልሽ ጽሕፈት ቤት በስንተኛው ፎቅ ነው› ቢለኝ ምን ልበለው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ የምሠራበት ቤት ከምድር በታች ነውና ፎቅ አይቈጠርለትም። እስከ ሰበታ ድረስ ሳልናገር ሄድሁ። ከግቢው በር ሳንገባ ግን ከባሕር ዛፉ ሥር አቁሜ ሁሉን ነገርኋት። ሰባት ዓመት ሙሉ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላና ፎጣ ሳጥብ መኖሬን፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሌሊት ፈረቃ አለቃ ሆኜ ገቢዬ ከፍ ማለቱን፤ ሰፊ ቤት ያልሁትም ምድጃውና አልጋው በአንድነት ያሉበት አንዲት ክፍል መሆኑን፤ ሽማግሌዎች ለእናቷ «የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው» ሲሉ እኔው ያልኋቸውን እንደ ተናገሩ፤ ይህን ሁሉ ነገርኋት።

ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ሳትናገር ቆየች። ከዚያም «እኔ በአበባው እርሻ እጄ በእሾህ ሲቧጠጥ ከአንተ ሸሽጌ አውቃለሁን? አንሶላ ማጠብ ምን ነውር አለበት? ያዘንሁት በሥራህ አይደለም። ለማላውቀው ሹም ልመልስ ስል ነው ባሌን አለማወቄን ያወቅሁት» አለችኝ። በዚያች ሌሊት ከእናቷ ጋር አደረች።

በማግሥቱ እናቷ አስጠሩኝ። እኚህ እናት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ልጆቻቸውን ያሳደጉ፥ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሴት ናቸው። «ልጄ፥» አሉኝ፥ «ድህነት ነውር አይደለም፤ እኔም በድህነት ነው ያሳደግኋት። ነገር ግን ያለ መመለሻ አልሰድልህም። የመመለሻዋን ዋጋ ከአሁኑ በእጇ አድርግላት፤ አንተን ሳትለምን፥ ሳታስፈቅድም የምትመጣበትን።»

ይህ ቃል እንደ ጦር ወጋኝ። «እማማ፥ እኔን እንደ ደላላ ይቈጥሩኛልን?» አልኋቸው።

«ደላላ ባትሆን ነው የምትሰጣት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ የምናገረው አልነበረኝም። ለአውሮፕላን አንድ ጊዜ መመለሻ የሚበቃ 1,200 ድርሃም ቈጥሬ በባለቤቴ እጅ ሰጠሁ። የንስሐ አባታችንም ነገሩን በሰሙ ጊዜ፥ ለሚስቴ የተናገርሁትን ለሽማግሌዎቹም እንድናገር አዘዙኝ። ስለዚህ ወደ ቡራዩ ሄጄ በሽምግልና የቆሙልኝን አጎቴን ይቅርታ ጠየቅሁ። አጎቴ «በሰው ቤት ምንጣፍ ላይ ቆሜ ሐሰተኛ አደረግኸኝ» ብለው ተቈጡ፤ ቀጥለው ግን ከዘራቸውን አንሥተው ከእኔ ጋር ሰበታ ድረስ መጡና ከአማቴ ፊት ቆመው ቃላቸውን አስተካከሉ። ከሠርጌ ቀን ይልቅ በዚያች ቀን ባል የሆንሁ መሰለኝ። ባለቤቴም በዚያው ምሽት አኵርፋ ከነበረችበት ተመልሳ «እስቲ አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በማጠቢያ ቤቱ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የፊሊፒንስ ተወላጅ፥ እኅቷ የውጭ አገር ሰው አግብታ ልትሄድ ስትል ያጋጠማትን አጫውታኝ ነበር። በአገራቸው እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ፥ በውጭ የሚኖሩ ፊሊፒናውያንን ጉዳይ የሚመለከት ኮሚሽን አለ። የውጭ አገር ባል ወይም እጮኛ ተከትላ የምትሄድ ሴት፥ ከመሄዷ በፊት በዚያ ኮሚሽን የምክር ጉባኤ ተገኝታ የምስክር ወረቀት መያዝ ይገባታል። በምክሩም ላይ ስለምትሄድበት አገር ሕግና ኑሮ፥ ስለ ሰውየው ማንነት፥ ችግር ቢደርስባት ስለምትጠራው ሰው ይነገራታል። በአውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሹምም እንደ ገና ይጠይቃታል፤ ነገሩ ካልጣመው ከጉዞዋ ያስቀራታል። የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስትነግረኝ «ምን ያለ አድካሚ ነገር ነው» ብዬ ስቄ ነበር። አሁን ግን ባልና ሚስት ገና በቤታቸው ሳሉ እርስ በርሳቸው ሊያደርጉት የሚገባ ምክር መሆኑ ተገለጠልኝ።

ስለዚህ ደብተሩን ዘጋሁት። በቀሩት ሌሊቶች የጠየቀችኝ እርሷ ናት፤ የመለስሁትም እኔ። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምገባ፥ የቤት ኪራዩ ስንት እንደ ሆነ፥ ከደመወዜ ለእናቴ ስንት እንደምልክ፥ ዕዳ እንዳለብኝና እንደሌለብኝ፥ እርሷ ብቻዋን በምትውልበት ጊዜ ከጎረቤት ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። የአሠሪዬን ስም፥ የቤቱን አድራሻ፥ የእኔንና በዱባይ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ስልክ ቍጥር በራሷ እጅ በወረቀት ላይ ጻፈች። ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ይጠፋልም፤ ወረቀት ግን ከነጠላ ጫፍ ታስሮ ይኖራልና። የፓስፖርቷንና የጋብቻ ማስረጃውን ግልባጭ ለእናቷ ተወች። ፓስፖርቱ፥ የመግቢያ ፈቃዱ፥ ቲኬቱና ዋናው የጋብቻ ማስረጃ በአንድ ማኅደር ሆነው በእርሷ እጅ እንዲሆኑ፥ እኔም ብሆን እንዳልይዝላት ተስማማን። ሁለቱም ቤተሰብ ያለበትን አንድ የሠርግ ፎቶግራፍም ጨመረችበት።

ስለ ጓዙም ደንብ አወጣን። በርበሬው፥ ሽሮውና ድርቆሹ እናቷ ራሳቸው ያሰናዱት ነውና ተጫነ። ጎረቤት «ለልጄ አድርሱልኝ» ብሎ ያመጣውን የታሸገ ዕቃ ግን በፊቱ ፈትተን ካላየን በቀር አልተቀበልንም። አንዳንዱ ቅር አለው፤ ነገር ግን ሰው በማያውቀው ዕቃ መታሰሩ በጎረቤት ከመወቀስ ይከፋል። ደግሞም ሹሙ የማታውቀውን ነገር ቢጠይቃት «አላውቅም» እንድትል፥ ያልሰማችውን «ይድገሙልኝ» እንድትል፥ ካልተጠየቀችው ነገር ላይ ታሪክ እንዳትጨምር ተነጋገርን። የቀረውን ለእርሷ ተውሁት።

በኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ በዓለም ገና አልፈን ወደ ቦሌ ሄድን። ወደ ውስጥ የሚገባው ተጓዥ ብቻ ነውና፥ እናቷ፥ አጎቴና የአክስቴ ልጅ ከመኪናው ማቆሚያ ተሰናበቱን። እናቷ ሦስት ጊዜ ስመዋት «ቀኝ ያውልሽ» አሏት፤ የአክስቴ ልጅ ግን ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ተናግራት ሄደች። ጓዛችንን አስመዝግበን ወደ ፓስፖርት መመርመሪያው በቀረብን ጊዜ፥ እኔ በመጀመሪያው መስኮት ቶሎ አለፍሁ። ወደ ኋላዬ ስመለከት ባለቤቴ ገና ቆማለች። ልጠጋ ብል ከቆምሁበት እንዳልመለስ በእጅ አመለከቱኝ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በሕይወቴ እንደዚያች ሩብ ሰዓት የረዘመ ጊዜ አላየሁም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምትለውን ግን አልሰማም። ሹሟ በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች። ባለቤቴ ማኅደሩን ከፈተች፤ ከነጠላዋ ጫፍም ወረቀቱን ፈታች። ያ የድሮው ደብተር ተጠንቶ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ መስኮት ላይ እኔ ራሴ በሐሰት ቆሜ እፈረድ እንደ ነበር በዚያች ሰዓት ተሰማኝ። በመጨረሻ የማኅተሙን ድምፅ ከሩቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ባለቤቴም ወደ እኔ መጣች።

አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የሆነውን ነገረችኝ። ሹሟ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ስትላት፥ «በሆቴል የልብስ ማጠቢያ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ማጠቢያ ቤቱም ከምድር በታች ነው» አለቻት። «ቤታችሁስ?» ስትላት፥ «አንዲት ክፍል ናት፤ ምድጃውም በውስጧ ነው» አለቻት። ሹሟም በመገረም አይታት፥ «እንዲህ ያለውን ኑሮ አውቀሽ ነው የምትሄጂው? ባይስማማሽስ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ይህ ጥያቄ ከሠላሳው አንዱ አልነበረም። ባለቤቴም «የመመለሻዬ ዋጋ ከእኔ ጋር ነው፤ እናቴ አስይዛኛለች» ብላ መለሰች። በዚህ ጊዜ ሹሟ ፓስፖርቷን መትታ ሰጠቻትና «ይህን ለማንም እንዳትሰጪ፤ በሰላም ግቢ» አለቻት።

«የአክስቴ ልጅ በጆሮሽ ምን አለችሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከደብተሩ ውጭ ከጠየቁሽ ደስ ይበልሽ አለችኝ» አለች።

ወደ ዱባይ የሚወስደው በረራ አራት ሰዓት ያህል ነው። ባለቤቴ ያን ያህል ሌሊት ያላገኘችውን እንቅልፍ በትከሻዬ ላይ ተኛች። ከቤታችን ስንደርስ አንዲቱን ክፍል ዞር ብላ አይታ «ያልኸውን ታህላለች» አለች። ከዚያም 1,200 ድርሃሙን በጨርቅ ጠቅልላ ከሻንጣዋ ሥር አኖረች። እኔ ያን ጨርቅ ባየሁ ቍጥር በመጀመሪያው ወር ቅር ይለኝ ነበር፤ በኋላ ግን ለመድኋት። ሚስቴ ከእኔ ጋር የምትኖረው መሄጃ አጥታ እንዳልሆነ በየቀኑ የምታስታውሰኝ እርሷ ሆነች።

በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም እናቷ ታመሙ። እኔ በሥራ ምክንያት ልለቅ አልቻልሁም። ባለቤቴ ያን ጨርቅ ፈታች፤ ቲኬቷንም ራሷ ቈረጠች፤ ማንም ሳያስጠናት፥ ማንም ከመስታወት ማዶ ሳይጠብቃት በሁለቱም አገር በር አለፈች። እናቷ በእግዚአብሔር ቸርነት ድነው የፋሲካን በዓል አብረው በልተዋል። ልትመለስ ቦሌ በቆመች ጊዜ፥ ከፊቷ አንዲት ወጣት ልጅ በእጇ ላይ በቢክ የተጻፈ ነገር እያነበበች ስታጠና አየቻት። ባለቤቴም ቀረብ ብላ «እኅቴ፥ ይህን ማን ጻፈልሽ? የምትሄጂበትንስ ቤት ታውቂዋለሽን?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥላም ማልቀስ ጀመረች። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሹሞቹ ሄዱ። ባለቤቴ ለአውሮፕላኑ ልትዘገይ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

እንግዲህ ሚስቱን ወይም እጮኛውን ወደ ባሕር ማዶ ለመውሰድ የሚያስብ ወንድም ሁሉ፥ ስለ ወረቀቱ እንደሚጠነቀቅ ስለ እውነቱም ይጠንቀቅ። ልጁን የሚድር ወላጅም ስለ ሙሽራው ሥራ ስም ብቻ አይጠይቅ፤ ልጁ በእጇ የምትይዘውን መመለሻም ይጠይቅ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ነገር ግን በሩቅ አገር ከሚጠራ፥ በእናት ቤት፥ ቡና በተፈላበት ምድጃ ዳር ቢጠራ ይሻላል። በመስኮቱ ላይ ያለው ሹም የሚጠይቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከእርሱ በኋላ በየማታው የምትጠይቀው ሚስት ናትና፥ መልሱ ለእርሷ አስቀድሞ ይድረስ። መንገደኞችን ሁሉ ቀኝ ያውላቸው።